እትዬ ወርቅነሽና ሃምሳ ቁጥር ዘይት

ባለፈው ወር ለመኪናዬ ዘይት ልገዛ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ብሄድ የእትዬ ወርቅነሽ ሱቅ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ያለ ምክንያት ዘግተው ስለማያውቁ ክፉ ነገር ጠርጥሬ ልቤ ድንግጥ አለ። አጠገባቸው ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታው ከድር ሁኔታዬን አይቶ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣና አረጋጋኝ። ሰላም ናቸው። ጉልበታቸው የኮልፌን ብርድ አልችል ብሎ፣ ሆሳዕና ከተማ አስተማሪ ከሆነች ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ገብተዋል። ሱቁንም የሞባይል ሽፋን የሚሸጥ ሰው ተከራይቶታል።

ጌታ ይመስገን አልኩ፤ ግን ወዲያው ግራ ገባኝ። መኪና ከያዝኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ዘይት ግን ብቻዬን መርጬ ገዝቼ አላውቅም። ከድርም እንደ እኔው ተክዟል። ቀኑን ሙሉ «የትኛውን ዘይት ላድርግ?» እያለ የሚያደርቀውን ሾፌር ሁሉ በአገጩ ወደ እሳቸው በር እየጠቆመ ነበር የሚገላገለው። አሁን ወዴት ይጠቁም?

እትዬ ወርቅነሽ አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት የማይለያቸው ሴት ናቸው። ወላጆቻቸው ከሀዲያ መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው እዚሁ አደጉ። ካፖርቱን ያመጡት ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ነው። በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ግምጃ ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በመስኮት ዘይት በሊትር እየለኩ ሲሰጡ ኖረዋል። ሾፌር ዘይት ሊወስድ ሲመጣ ያወራል። የትኛው መኪና የት ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ የማን ሞተር በምን ምክንያት እንደተቃጠለ፣ ሁሉ የሚወራው እዚያ መስኮት ላይ ነው። እሳቸው ያዳምጡ ነበር። ከአዲስ መኪና ጋር የሚመጣውንና ማንም ገልጦ የማያየውን መጽሐፍ ደግሞ በትርፍ ሰዓታቸው እያገላበጡ፣ ስለ ዘይት የሚናገረውን ሰንጠረዥ በደብተር ይገለብጡ ነበር። ድርጅቱ ሲዘጋ ካፖርቱንና ደብተሩን ይዘው ወጡና ሱቋን ከፈቱ።

ሱቋ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ናት። ከመስኮቷ በላይ፣ በውጭ በኩል፣ ቁልፍ ያላት የሽቦ ሳጥን ተሰቅላለች። እትዬ ወርቅነሽ ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት በሦስት ትናንሽ ጠርሙሶች ሦስት ዓይነት ዘይት ይጨምራሉ። አፋቸው ድረስ አይሞሏቸውም፤ ጣት የምታህል አየር ይተዋሉ። ከዚያ ክዳኑን አጥብቀው ሳጥኗ ውስጥ ብርድ ላይ ያሳድሯቸዋል። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ነው።

ያኔ ፒካፔን ገና መግዛቴ ነበር። ያረጀች ባለ ናፍጣ ናት፣ ግን ጉልበት ነበራት። ሥራዬ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርጄ ፓፓያና ማንጎ ጭኜ መመለስ ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ የሚቆሙ ሾፌሮች ምክር አልነፈጉኝም። ጊቤ እሳት ነው፣ ሙቀቱ ቀጭን ዘይትን ውሃ ያደርገዋል፣ ዳገቱን በጭነት ስትወጣ ሞተርህ ይነዳል፣ ስለዚህ ከሁሉ ወፍራሙን አስገባ አሉኝ። አንዱ እንዲያውም አባቱም እንዲሁ ያደርግ እንደነበር በኩራት ነገረኝ። እኔም በኅዳር ብርድ በጠዋት ተነስቼ እትዬ ወርቅነሽ ሱቅ ሄድኩና፣ እንደ አዋቂ ደረቴን ነፍቼ ሃምሳ ቁጥር እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ሃምሳ ቁጥር በጀሪካኑ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት፣ ማር የሚመስል ወፍራም ዘይት ነው።

ዘይቱን ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ጀመሩ። መኪናዋ የት ነው የምታድረው? የት ነው የምትሄደው? ምን ትሸከማለች? ለማንም ቢሆን እነዚህን ሦስቱን ሳይጠይቁ ዘይት አይሸጡም፤ የሚቸኩል ደንበኛ ቢነጫነጭም ግድ የላቸውም። እኔ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በደንብ መለስኩ። የመጀመሪያውን ግን ችላ ብዬ፣ ኬራኒዮ ከፍ ብሎ ካለው ግቢዬ ውስጥ ታድራለች፣ ምን አገባው አልኩ። እሳቸው ወንበር ላይ ወጡና ጠርሙሶቹን አውርደው ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ገለበጧቸው። በአንደኛው ጠርሙስ ውስጥ አየሯ ፈጥና ሽቅብ ወጣች። ሁለተኛዋ ተከተለች። የሃምሳ ቁጥሩ ግን እኔ ስልክ ደውዬ እስክጨርስ ገና መንገድ ላይ ነበረች።

«አንተ ጊቤን አስበህ ኮልፌን ረሳህ» አሉኝ።

ከዚያ እንደ ልጅ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ጊቤ የምደርሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፣ ኮልፌ ብርድ ላይ ግን በየማለዳው አስነሳለሁ። ሞተር ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በዚያች በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ዘይቱ ወፍራም ከሆነ ታች ተኝቶ ይቀራል፣ ላይ ያሉት ብረቶች እስኪደርሳቸው ድረስ በደረቁ ይፋተጋሉ። ለዚህ ነው ጀሪካኑ ላይ ሁለት ቁጥር የሚጻፈው። የፊተኛው በብርድ እንዴት እንደሚሮጥ፣ የኋለኛው ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚጸና ይናገራል። ለእኔ ፒካፕ ከደብተራቸው አመሳክረው የሰጡኝ አሥራ አምስት በአርባ ነው። አሥራ አምስቱ ለኮልፌ ጠዋት፣ አርባው ለጊቤ ቀትር አሉኝ። እንዲህ በቀላል አማርኛ ያስረዳኝ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ከዚያ ወዲህ በጉዳይም ያለ ጉዳይም ጎራ እል ጀመር። ዘይት ሲመረምሩ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ከመለኪያው ዘንግ ጫፍ ላይ ጠብታ ወስደው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው የመኪናዋን ኑሮ ይነግሩሃል። ይህቺ አጭር መንገድ ነው የምትሄደው፣ ሳትሞቅ ነው የምታጠፋት ይላሉ። ይህቺ ደግሞ ከተቀየረላት ቆይቷል፣ ዋሽተኸኛል ይላሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። አንዳንዴ ሲሳሳቱ ደግሞ አይደብቁም፤ ይስቁና ጣታቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ።

ባዶ ጀሪካን ሳይበሱ ከሱቃቸው አያወጡም ነበር። ሚስማርና መዶሻ ከመደርደሪያው ሥር አለ፣ ታችዋን ሁለቴ ሦስቴ ይወጓታል። የተቃጠለ ዘይት አጣርቶ በባዶ ጀሪካን ሞልቶ እንደ አዲስ የሚሸጥ ሞልቷል፣ በእኔ ጀሪካን ግን አይሸጥም ይላሉ። የሰፈሩ ሴቶች መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ፤ ደህና ዕቃ ለምን ይበላሻል ብለው። ኋላ አንዷ የተበሳውን ወስዳ ከላይ ቆርጣ አፈር ሞላችበትና ጤና አዳም ተከለች። ውሃው ከታች ስለሚወጣ ተክሉ ተስማማው። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ከሱቋ ጀርባ ባለው መንደር በየደጃፉ ያለው ጽጌረዳና ጎመን ሁሉ በእትዬ ወርቅነሽ ጀሪካን የበቀለ ነው። ይህን ስነግራቸው ከዘይቱ ይልቅ በአበባው ስማቸው ቢነሳ እንደሚመርጡ ነገሩኝ።

ሁሉም ሰው ግን አልወደዳቸውም። አንድ ቀን አዲስ ፒካፕ ይዘው የመጡ፣ ቁልፋቸውን ጣታቸው ላይ የሚያሽከረክሩ ሰውዬ ሃያ በሃምሳ ይሰጠኝ አሉ። እትዬ ወርቅነሽ ፈቃድ ጠይቀው ከመኪናው የፊት ኪስ ውስጥ ላስቲኩ ያልተቀደደውን መጽሐፍ አወጡና ገጹን አሳዩአቸው። አምስት በሠላሳ ይላል። ሰውየው ይህን የሚያህል መኪና ውሃ የመሰለ ዘይት ልታጠጪው ነው ወይ ብለው ተቆጡ። እሳቸው ደግሞ የአዲስ ሞተር ብረቶች ተቀራርበው ስለሚሠሩ ቀጭን ዘይት ነው በመካከላቸው የሚያልፈው፣ መኪናውን የሠራው ሰው ከእኔም ከእርስዎም ይበልጥ ያውቀዋል አሏቸው። ሰውየው የመኪናቸውን በር በኃይል ዘግተው ሄዱ። ይመለሳሉ ብዬ ስጠብቅ ነበር፣ አልተመለሱም። እትዬ ወርቅነሽም ትከሻቸውን ሰበቁና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

ፒካፔ ከእኔ ጋር ሰባት ዓመት ከሠራች በኋላ ደከመች። ዘይት መብላት ጀመረች፤ ጊቤ ደርሳ በተመለሰች ቁጥር ግማሽ ሊትር እጨምርላታለሁ። ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ሲሞቃት ታንኳኳለች። መካኒኬ ሞተሯ ወርዶ ካልታደሰ ብዙ አትቆይም አለኝ። ለዚያ አቅም አልነበረኝም። ሸጬ ሻል ያለች ካልገዛሁ ደግሞ የፍራፍሬው ሥራ ሊቆም፣ ቤቴም ሊናጋ ነው። ገዢ ሳፈላልግ የተገኘው ሳሙኤል ነው፣ ከእኔው ቤተ ክርስቲያን። ኬራኒዮ ዳቦ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ታታሪና ዝምተኛ ወጣት ነው። ተቀጣሪነቱን ትቶ ዳቦ ለየሱቁ በራሱ መኪና ሊያከፋፍል አስቧል። እናቱም ያላቸውን አውጥተው ሊያግዙት ተነስተዋል። መኪናዋን እሁድ ከአምልኮ በኋላ መጥቶ ሊያያት ተቀጣጠርን።

ሐሙስ ዕለት አንድ ደላላ ምክሩን ለገሰኝ። ሃምሳ ቁጥር ሙላባት አለኝ። ወፍራም ዘይት በተበላው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፣ ጭሱ ይቀንሳል፣ ማንኳኳቷም ይሰወራል። አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ወር አዲስ ትመስላለች። ከዚያ በኋላ ያለው የገዢው ዕድል ነው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁን እንኳን ዝቅ አላደረገም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው። እኔም ራሴን በዚሁ አሳመንኩ። ልጁ ገና ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ያድሳታል፣ እኔም ስገዛት ማን ነገረኝ አልኩ። ያሰብኩት ይህን ነው፤ አሁን ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ሌላ ሱቅ መሄድ እችል ነበር። እግሬ ግን ልማዱ ሆኖ እትዬ ወርቅነሽ ጋ ወሰደኝ። ጭነቱ ስለበዛ ወፈር ያለ ልሞክር ብዬ ነው ብዬ ሃምሳ ቁጥር እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ጀሪካኑን አወረዱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን ግን ከላዩ አላነሱም።

«የት ነው የምታድረው?» አሉኝ።

«ያው ግቢዬ ነዋ፣ ያውቁት የለም?»

«አንተ ጋ አይደለም፣ ደረጀ። አዲሱ ሰው ጋ።»

ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላወቅሁም። ኮልፌ ውስጥ ወሬ ታክሲ ይቀድማል፣ ደላላው አውርቶ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ማስተባበል አፈርኩና መለስኩላቸው። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ሜዳ ላይ ነው የምታድረው አልኩ። ስንት ሰዓት ነው የሚያስነሳት አሉኝ። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት አልኩ፣ ዳቦ ሳይነጋ ነው የሚጫነው። የት ትሄዳለች አሉኝ። ከኬራኒዮ እስከ አሥራ ስምንት፣ ከሱቅ ሱቅ፣ እየቆመች እየተነሳች። ምን ትሸከማለች አሉኝ። «ዳቦ» ስል ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

«እንግዲህ ሁልጊዜ ብርድ ላይ ነው የምትውለው» አሉ። «ጊቤን አታያትም። በደንብ ሳትሞቅም ነው ሥራዋ የሚያልቀው። ለዚህ ሰው ሃምሳ ቁጥር ነው የምትለኝ?»

አልተቆጡም። ለማንኛውም ደንበኛ በሚያወሩበት ድምፅ ነው ያወሩኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስሰማቸው የኖርኩ ሰው ነኝና የቀረውን ራሴ አውቄዋለሁ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዘይት፣ በየማለዳው ብረት ከብረት እየተፋጨ ያቺ ሞተር ሁለት ወርም አትደርስ። ሳሙኤልም ዳቦውን ጭኖ መንገድ ላይ ይቀራል። እናቱ ታዩኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። እትዬ ወርቅነሽ እጃቸውን ከጀሪካኑ ላይ አነሱና፣ ከፈለግህ ውሰደው፣ እኔ ሻጭ ነኝ አሉኝ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ባዶ እጄን ወጣሁ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሳሙኤልን ከግቢዬ ጥግ፣ መኪናዋ አጠገብ አቁሜ ሁሉንም ነገርኩት። ዘይት እንደምትበላ፣ ምን ያህል እንደምትበላ፣ መካኒኩ ያለውን፣ አስነስቼም ጭሷን አሳየሁት። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኩትም፣ ሐሙስ ዕለት የት ሄጄ ምን ልገዛ እንደነበር። እንደዚያ ዓይነት ድፍረት አልነበረኝም። አዳመጠኝና አመስግኖኝ ሄደ። በቃ ገዢዬ ሄደ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። ግን ቀለል ብሎኝ ምሳዬን በላሁ፣ ከሐሙስ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎኝ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ከእናቱ ጋር መጣ። ያለባትን ችግር አስበን በዋጋ ተስማማንና ወሰዳት። ዘይት ስለመምረጥ ሲጠይቀኝ እትዬ ወርቅነሽ ጋ ይዤው ሄድኩ። እንደ አዲስ ሰው ሦስቱን ጥያቄ ጠየቁት፣ አሥራ አምስት በአርባ ሰጡት፣ በየማለዳው ሳያስነሳ በፊት ዘይቷን ለክቶ የጎደለውን እንዲሞላ አዘዙት። መብላቷን አያስቀርልህም፣ ግን ብርዱን ትችለዋለች አሉት። ሳሙኤል ዓመት ሠርቶባት፣ በራሱ ጊዜ ሞተሯን አውርዶ አሳደሳት። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ዳቦ ጭና ስታልፈኝ ጡሩምባ ያሰማኛል። እኔም ዘገየት ብዬም ቢሆን ሌላ ፒካፕ ገዝቻለሁ፣ ፍራፍሬውም አልቆመም።

ስለዚያ ሐሙስ ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም ነበር። ያለፈው እሁድ ግን ወደ ሆሳዕና ከተማ ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ደህና ነው። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። ልጃቸው ሥራ አትሥሪ እያለች አስቸገረችኝ ብለው አሙልኝ፤ እሳቸው ግን የጎረቤቱ ባጃጅ የማይሆናት ዘይት ሲሞላባት አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። ስቀን ስቀን ሲበቃን ልቤን ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኋቸው። ያን ቀን ልጁን ላታልለው እንደነበር አውቀው ነበር ወይ አልኳቸው።

እሳቸውም ነገሩኝ። ያን ሐሙስ ጠዋት ሳሙኤል ከእኔ በፊት ሱቃቸው መጥቶ ነበር። የደረጀን ፒካፕ ልገዛ ነው፣ ሞተሯ እንዴት ናት ብሎ ጠየቃቸው። በየጊዜው ስንት ሊትር እንደምገዛ የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ ሁሉን ሊነግሩት ይችሉ ነበር። አልነገሩትም። ያለባትን ሳይነግርህ አይሸጥልህም፣ እኔ አውቀዋለሁ ብለው መለሱት። እሱ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እኔ ገብቼ ሃምሳ ቁጥር አልኳቸው።

ፊቴ ጋለ። ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ብነግርህማ ለእኔ ስትል ትነግረው ነበር» አሉኝ።

«ባልነግረውስ ኖሮ፣ እትዬ?»

«ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ እየሳቁ። «ሰኞ ጠዋት ልጁ መጥቶ ‹ነገረኝ እኮ› እስኪለኝ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»